ሽማግሌ ልኬ ሰው የገደልኩ ዕለት

ጡረታ እስክወጣ ድረስ መስከረም በጠባ ቁጥር ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ሕይወት ያላቸው ነገሮች በምን ይለያሉ?» መልሱንም ራሴው እጽፈዋለሁ፦ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይመገባሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ያድጋሉ፣ ይዋለዳሉ፣ ይሰማቸዋል፣ ቆሻሻ ያስወግዳሉ። በእንግሊዝኛ ጽፌ በአማርኛ አስረዳለሁ፤ በአማርኛም ያልገባው ጎኑ የተቀመጠውን በኦሮምኛ ይጠይቃል። ከዚያ ሁሉም ገልብጦ፣ ሸምድዶ፣ ፈተና ላይ ዘርግፎት ይገላገላል። በዚያ ክፍል ውስጥ ሕይወት ምን እንደሆነች ግራ የገባው ሰው ከእኔ በቀር አልነበረም። እኔን ግራ ያጋባኝ ደግሞ ሳይንሱ አይደለም። አሰላ ውስጥ የላክኋቸው ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ ነው። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ ወንደላጤ የሥነ ሕይወት መምህር ነበርኩ። ከጭላሎ የሚወርደውን ብርድ ለመቋቋም ሁለት ሹራብ ደርቤ ነበር የማስተምረው፤ ተማሪዎቼም «ሁለት ሹራብ» ይሉኛል፤ አልሰማሁም ብዬ አልፋለሁ። ሽማግሌ የላክሁላት ልጅ እርሻ ቢሮ ታይፒስት ናት። የትምህርት ቤታችን የጽሕፈት መኪና በተበላሸ ቁጥር፣ ማለትም ሁልጊዜ፣ ፈተናችንን ስቴንስል ላይ የምትመታልን እሷ ነበረች። አንድ ቀን የእኔን ፈተና እየመታች ቀና አለችና «የዚህ መልሱ የቱ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። መምህር ያወጣውን ፈተና መልስ ለሰው መናገር ከጀመረ አልቆለታል፤ ወይ ይታሰራል ወይ ያገባል።

እኔ ማግባቱን መረጥኩ። ችግሩ አባቷ ናቸው። አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው አርሲ የሰፈሩ፣ እሳቸውም ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ደጅ የጨረሱ ሙግተኛ ነበሩ። መሬታቸውን አዋጁ ወሰደው፤ ሙግቱ ግን ቀረላቸው። የሚሟገቱበት መሬት ሲያጡ ከጎረቤት ጋር ስለ አጥር፣ ከንስሐ አባታቸው ጋር ስለ ጾም፣ ከሬዲዮው ጋር ስለ ዓለም ይሟገቱ ጀመር። ሬዲዮው መልስ ስለማይሰጥ ሁልጊዜ ይረቱት ነበር። እናቷ በተቃራኒው ዝምተኛ ሴት ናቸው። አንድ ወንድ ልጃቸው ለውትድርና ከሄደ ወዲህ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር እጃቸው ላይ ያለውን ዕቃ ይጥላሉ። በዚያ ቤት ያልተሸረፈ ብርጭቆ አላገኘሁም።

ልጁ ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ይህ ግን ብቻውን የሚያስጨንቅ አልነበረም፤ ምክንያቱም ልጁ ሰነፍ ነው። እቤት ሳለ አልጋው ላይ ተጋድሞ «ውሃ ስጡኝ!» ብሎ የሚጮህ፣ ማድጋው ደግሞ ከአልጋው እጅ ቢዘረጋ የሚደረስበት ቦታ የተቀመጠ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከጦር ሰፈር ሆኖ እስክሪብቶ ያነሣል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው። እናትየው ግን እናት ናቸው፤ ይጠብቃሉ።

ሽማግሌ መረጣውን የአማርኛ መምህራችን ያዘልኝ፤ በዕድሜ የገፋ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። «አንዱ እኔ ነኝ» አለ። ሁለተኛው ቃላቸው በእስላሙም በክርስቲያኑም ዘንድ የሚሰማ ሐጂ፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ የአርሲ ተወላጅ ናቸው። ሦስተኛው የሰፈሩ የዕድር ዳኛ ሆኑ። ቁመታቸው እንደ ባሕር ዛፍ፣ ድምፃቸው ከደረታቸው ሥር የሚወጣ ሰው ነበሩ። ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። «ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን መርዶ ተሸክሜ በሰው በር ቆሜአለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ደስታ ተሸክሜ ብቆም ምናለበት? እሄድልሃለሁ!» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የእኔም።

እንግዲህ ልብ በሉ። በአገራችን ሁለት ነገር በማለዳ ይነገራል፤ ሞትና ጋብቻ። መርዶው ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ውጭ ሳይሰማው እንዲደርስ ነው። ጋብቻውም አባትየው ከቤት ሳይወጡ እንዲገኙ ነው። በሁለቱም ሽማግሎቹ ጋቢ ለብሰው ይመጣሉ፤ በሁለቱም «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ይቆማሉ፤ በሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። የሚለያቸው የመልእክተኞቹ ፊት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ መላው ሰፈር በመርዶ ነጋሪነት የሚያውቀውን ፊት መርጬ ላክሁ። እኔስ እንግዳ ነኝ፤ ዳኛውም በደስታ ሰክረው ረሱት እንበል። የአማርኛ መምህሩና ሐጂ እንዴት እንዳላሰቡት ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እሑድ ማለዳ ሽማግሎቹ ሲሄዱ እኔ ከቤታቸው ዝቅ ብሎ ባለ ሻይ ቤት ውጤቱን እጠብቅ ነበር። ጉም ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰው አይታይም። ሻዬን አንድ ጊዜ ፉት እንዳልኩ ከላይ ጩኸት ተሰማ። «ወይኔ! ወይኔ ልጄን!» የሚል፣ የሴት፣ ሆድ የሚበላ ጩኸት። መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ነገር ያሳፍራል፤ ይኸው፣ እንዲህ አድርገው ነው እምቢ የሚሉኝ ብዬ አሰብኩ። አርሲ ውስጥ ልጅ ሲከለክሉ እንዲህ ይጮኻሉ እንዴ? ጎጃም ቢሆን «እናስብበታለን» ይባላል።

ወዲያው ጥሩንባው ተነፋ። የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ዳኛው ወደዚያ ቤት ሲገቡ በጉሙ ውስጥ በቁመታቸው ለይቷቸው ኖሮ፣ ጩኸቱን ሲሰማ አንድም ነገር ሳይጠይቅ ነፋው። እንዳይጠይቅ ያስተማሩት ራሳቸው ዳኛው ናቸው። «መርዶ በተነገረበት ቤት ጥያቄ የለም፤ ድንኳን እንጂ» የሚለው የእሳቸው ሕግ ነበር። ሻይ ቤቱን ጥዬ ስሮጥ ድንኳን ተሸካሚዎቹ በጎኔ አለፉኝ።

ግቢው ውስጥ ስደርስ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይመታሉ። «ማነው የሞተው?» አልኩ አጠገቤ ያለውን ሰውዬ። «ልጃቸው ነዋ! ወታደሩ!» አለኝ። እኔም አለቀስኩ። እውነቴን ነው፤ አይቼው የማላውቀውን ሰው ከልቤ አለቀስኩለት። ግማሹ ለእሱ ነው፤ ግማሹ ለራሴ ነው፤ ሐዘን የገባበት ቤት ለዓመት ሠርግ አይደግስምና።

መሐል ላይ ሦስቱ ሽማግሎቼ ቆመዋል። ዳኛው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው «አልሞተም! ኧረ የሞተ ሰው የለም!» ይላሉ። ዕድርተኛው «ሐዘኑ ናላቸውን አዞረው፣ ውሃ አምጡላቸው» እያለ ሊያስቀምጣቸው ይታገላል። እሳቸው ደግሞ ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። ሐጂ ሁሉም እንዲገባው በሁለት ቋንቋ ይጮኻሉ፤ «አልሞተም! ሂንዱኔ! ወላሂ ሂንዱኔ!» ሰዉ እሳቸውንም ያጽናናቸዋል። የአማርኛ መምህራችን ቃል አጥቶ ከለቃሾቹ ጋር ማልቀስ ጀምሯል። በኋላ ስጠይቀው «ምን ላድርግ፣ ሙሾው ጥሩ ነበር» አለኝ።

ሰዉ እውነቱን ያመነው ንፍሮው ከተቀቀለ በኋላ ነው። እሱንም ቢሆን ግማሹ ብቻ ነው ያመነው። በዚያን ጊዜ የወታደር ሞት በሹክሹክታ እንጂ በግልጽ አይወራም ነበር። ስለዚህ «አልሞተም» ብሎ መጮህ ለብዙዎቹ «ሞቷል፣ ግን እንዳትናገሩ ተብለናል» ማለት ሆኖ ታያቸው። ዳኛው በማሉ ቁጥር ሴቶቹ እየተያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ሐጂም ሲጨመሩበት ነገሩ የተረጋገጠ መሰለ።

በመጨረሻ አባትየው ሽማግሎቹን ወደ ውስጥ አስገብተው «ታዲያ ለምን መጣችሁ?» ብለው ጠየቁ። ዳኛው አንገታቸውን ደፍተው «ልጃችሁን ለልጃችን ልንጠይቅ ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ቀጥኖ። አባትየው ፍርድ ቤት የቆሙ ይመስል ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ፍርድ ሰጡ። «ልትጠይቁኝ የመጣችሁት ሴት ልጄን ነበር፤ ሳትጠይቁ ወንዱን ወሰዳችሁት። እናቱ አልቅሳለታለች፤ ድንኳን ተተክሎለታል፤ ንፍሮው ተበልቷል። ልጄ በሕይወት መኖሩን አስረዱኝና መልሱልኝ፤ ስለ ሴቲቱ ያኔ እንነጋገራለን።» ይህን ስትሰማ ልጅቷ፣ ከሽማግሎቹ ኋላ ተከትዬ ገብቼ ነበርና፣ ከጓዳ በር ሆና አየችኝ። ሽቅብ ነው ያየችኝ ወይስ ቁልቁል፣ አላወቅሁም።

እንግዲህ እኔ፣ የሥነ ሕይወት መምህር፣ አይቼው የማላውቀው ሰው ሕይወት ያለው መሆኑን የማስረዳት ግዴታ ወደቀብኝ።

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። እናትየው መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈው ተቀመጡ። «እንባ ከወጣ አይመለስም» አሉ፤ «ልጄ ከሞተ አልቅሻለሁ፣ ካልሞተም የቀረብኝ ነገር የለም።» አባትየው ደግሞ አላዘኑም፤ ነገሩ ገና በቀጠሮ ላይ ነው ባይ ናቸው። ፀጉራቸውን ግማሽ ተላጭተው አቋረጡት። ፍርዱ ሲሰጥ ቀሪውን ይላጫሉ ወይም ያሳድጋሉ ማለት ነው። ኮፍያ አድርገው ይወጣሉ፤ ሰው ሲያዩ ኮፍያቸውን ማንሣት የለመዱ ሰው ስለሆኑ ግን ሁሉም ያየዋል።

እኔ በየእሑዱ እየሄድኩ እሟገታለሁ። «አንተ መምህር፣» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን፤ «ሕይወት ያለው ነገር ምልክቱ ምንድን ነው?» ሰባቱን ዘረዘርኩላቸው። ድንኳን ሊከራይ እንደሚመረምር ሰው አንድ በአንድ ገለበጧቸው።

«ይንቀሳቀሳል አልክ። ወንዙስ? ሕይወት አለው?»

«የለውም።»

«ይመገባል አልክ። እሳት ጎተራዬን በልቶ አያውቅም? ይተነፍሳል፣ ያድጋል አልክ፤ ሊጥ በስተማታ ተቦክቶ ጠዋት ሲተነፍስ፣ ከማቡኪያው ሲያመልጥ አላየህም? ቆሻሻ ያስወግዳል አልክ፤ የቀበሌው መኪና ጭሱን በሰፈሩ ላይ ይለቃል። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ ከተመረጠ ወዲህ አድጓል፣ ይመገባል፣ ግን ብትጠራው አይሰማም። እሱ ሕይወት አለው?»

መስኮቱ ክፍት ስለነበር አልመለስኩም።

በሌላ እሑድ ዝግጁ ሆኜ ሄድኩ። «የገብስ ዘር ጎተራ ውስጥ ዓመት ይቀመጣል፤ አይንቀሳቀስም፣ አይበላም፣ አይናገርም። ሕይወት ግን አለው። ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል። ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም!» አልኩ። በዚህ ንግግር ራሴን ወደድኩት። አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተረታሁ ሊሉ ነው ብዬ ስጠብቅ «ገብስ እናት የለውም» አሉ። ከፍራሹ ላይ «ልክ ነው» የሚል ድምፅ መጣ።

ነገሩ ወደ ቀበሌ ውይይት ክበብም ደረሰ። በየሳምንቱ ቀበሌ ተሰብስበን ካድሬው ያስተምረናል። በዚያ ሳምንት የደረሰን «ሰውን ከእንስሳ የለየው ምንድን ነው?» የሚለው ነበር። ካድሬው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቀጭን፣ ብርዱ እኔን ያህል የሚያንገላታው ልጅ ነው። «ሰውን ሰው ያደረገው ሥራ ነው!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። አባትየው ኮፍያቸውን አንሥተው ተነሡ። አዳራሹ በሙሉ ግማሽ ራሳቸውን አየ።

«ጓድ፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይብራራልኝ። ልጄ እቤቴ ሳለ ሥራ የሚባል ነገር በእጁ አልነካም። እንግዲህ በእርስዎ ትምህርት ልጄ ገና ሰው አልሆነም ነበር። ሰው ካልሆነ ደግሞ ሰው አልሞተብኝም። ሚስቴን ከፍራሽ ላስነሣት ወይስ ትቀመጥ?»

ካድሬው ወረቀቱን አገላበጠ። ከዚያ «ጥያቄው ለበላይ አካል ይቀርባል» አለ። የበላይ አካል እስከ ዛሬ አልመለሰም።

ክረምቱ ገባ። አንድ እሑድ በዝናብ በስብሼ ስገባ፣ እናትየው ከፍራሹ ተነሡና ከሣጥን ውስጥ ጥቁር የቆዳ ጃኬት አወጡ። የልጁ ነው። «ለነፍሱ ይሁን፤ ልበሰው» ብለው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። አባትየው «ነፍሱ መውጣቷ ገና አልተረጋገጠም!» ብለው ተቃወሙ፤ ሰሚ አላገኙም። እኔም ጨነቀኝ። ብለብሰው ሟች ነው ብዬ መመስከሬ ነው፤ ባልለብሰው አሰላ ነው፣ ሐምሌ ነው። ለበስኩት። ልክክ አለልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪዎቼ «ሁለት ሹራብ» ማለታቸውን ተዉ።

ሙግቱ እንደማያዋጣ ስላየሁ ምስክር ፍለጋ ወጣሁ። ከትምህርት መልስ አውቶቡስ ተራ እየሄድኩ በፈቃድ የመጣ ወታደር ባየሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ የማያውቁት ሰው ስለማያውቁት ሰው ሲጠይቃቸው ደህንነት መስያቸው ይሸሹኛል፤ የቆዳ ጃኬቱም አልረዳኝም። አንድ ቀን ግን ወደ በቆጂ የሚያልፍ ወታደር ስሙን ስነግረው ሳቀ። «እሱን ነው? አብረን ነን። ወጥ ቤት ነው የተመደበው። ኧረ እሱ ምን ይሆናል፣ ድስቱን እየጨረሰ ያስቸግረናል እንጂ!»

እቅፍ አድርጌ ሳምኩት። ወደ በቆጂ የሚሄደው አውቶቡስ ጥሎት ሄደ፤ እኔም እየጎተትኩ ወሰድኩት።

አባትየው መስቀለኛ ጥያቄ ያዙት። «መቼ አየኸው?» «እኔ ስወጣ።» «ምን ሲያደርግ?» «ሲበላ።» «ከወጣህ በኋላስ?» «ከወጣሁ በኋላ በምን አየዋለሁ?» «እንግዲያው የነበረ መሆኑን ነው የመሰከርከው፤ ያለ መሆኑን አይደለም። መብላትማ እሳትም ይበላል።» ወታደሩ «እኚህ ሰውዬ ደህና ናቸው?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። በዚህ ጊዜ እናትየው ከፍራሹ ላይ ቀስ ብለው ጠየቁት። «ልጄ፣ እናቴ እንዴት ናት ብሎሃል?»

ወታደሩ ቅን ልጅ ነበር፤ መዋሸት አልቻለም። «አላለኝም፣ እማማ።»

እናትየው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። የተከራከርኩበት ሁሉ ለማግባት ብቻ እንደነበር፣ ለእሳቸው ግን ሌላ ነገር እንደሆነ ያን ጊዜ ነው አጥንቴ ድረስ የተሰማኝ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ የሚያስቀኝ ብቻ ነበር። ወታደሩን መንገድ ድረስ ሸኘሁትና «እባክህ ስትመለስ እዚህ ተለቅሶለት እናቱ ፍራሽ ላይ መሆናቸውን ንገረው። አንድ ቃል ይላክ። ምንም ይሁን፣ አንድ ቃል» አልኩት።

ቃሉ የመጣው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ያመጣው ሸቀጥ የጫነ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ጎማው ዴራ ላይ ፈንድቶ ጎሚስታ ቤት ሲጠብቅ ስለዋለ ነጭናጫ ሆኖ ደረሰ። እኔ፣ ዳኛው፣ ጎረቤቶችም ነበርን። ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሞ አልቀመጥም አለ። እናትየው ይህን አቋቋም ሲያዩ እጃቸው ላይ የነበረው ብርጭቆ ወደቀ።

«እናንተ ናችሁ ልጃችሁን ያለቀሳችሁለት?» አለ ሹፌሩ። «ይኸው የላከው ቃል። እንዳትረሳ ብሎ ሦስቴ ነው ያስደገመኝ። አንደኛ፣ ለቅሶዬ ላይ ማን ማን መጣ? ማን ቀረ? ሁለተኛ፣ ከአጥር ማዶ ያለው ጎረቤታችን አለቀሰ ወይስ ዝም ብሎ ንፍሮ በላ? ሦስተኛ፣ ከንፍሮ ሌላ ምን ቀረበ? አራተኛ፣ የቆዳ ጃኬቴን ማንም እንዳይነካ።»

ከዚያ ሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ጃኬቱን ማውለቅ ጀመርኩ።

እናትየው ግን እኔን አላዩኝም። እየሳቁ ከፍራሹ ተነሡ። «እሱ ነው! የኔ ልጅ ነው! ይሄን የሚጠይቅ ሌላ ማን አለ? ጃኬቴን አለ! ሰማችሁ፣ ጃኬቴን አለ!» ነጠላቸውን አገላበጡ። ፍራሹን በእጃቸው ጠቅልለው አስወጡ። ከአጥር ማዶ ያለው ጎረቤት «ኧረ አልቅሻለሁ፣ በሉ ንገሩት!» እያለ ምስክር ይቆጥር ጀመር። አባትየው ሹፌሩን ሌላ ምንም ሳይጠይቁ ኮፍያቸውን አወለቁና ግማሽ ፀጉራቸውን ዳሰሱ። «ረታኸኝ፣ መምህር» አሉ። እኔ እንዳልረታኋቸው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ዳኛው በዚያው ቆመው ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኙትን ቃል ተናገሩ፤ «ልጃችሁን ለልጃችን!» በዚህ ጊዜ እልል ተባለ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። የጦር ሰፈሩ አዛዥ የልጁን ታሪክ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ስቆ የጥቂት ቀን ፈቃድ ሰጠው። እንደተባለው ወፍሮ መጣ። ጃኬቱም አልገባው አለ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር እህቱን መሳም አይደለም፤ ለቅሶ የደረሱለትን ቤት ለቤት እየዞረ ማመስገን ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክማችኋል» ይላል በሩ ላይ ቆሞ። ያልመጡትን ደግሞ ኩርፍ ብሎ ሳያያቸው ያልፋል። ከአጥር ማዶ ያለውን ጎረቤት አንገቱን አቅፎ ሳመው፤ በእውነት አልቅሶ ነበርና።

ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሊመለስ ነው። እሑድ ምሳ በልተን አልጋው ላይ ተጋድሞ የዶሮ እግር ይግጣል፤ እኛ ዙሪያውን ነን።

«እማዬ፣ እስቲ ያለቀስሽልኝን አሰሚኝ» አለ።

«ሂድ ወዲያ! ሟርተኛ!» አሉ እናትየው።

«መላው ሰፈር ሰምቶት እኔ ብቻ ልቅር? ለእኔ የተለቀሰ አይደለም እንዴ?» በዚህ ላይ አባትየው ሳይቀሩ መብቱ ነው ብለው ፈረዱለት። እናትየው እየሳቁ ተነሡ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሠሩ፤ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው በቀልድ አወረዱት፦

«ከአልጋው ሳይነሣ ውሃ ስጡኝ ባዩ፣
ማን ያቀብለዋል በዚያ በፀሐዩ።»

የመጀመሪያው መስመር ላይ ሁላችንም ፈነዳን፤ እሱም አልጋው ላይ ተንከባለለ። ሁለተኛው ላይ የሳቀ የለም። እናትየው ራሳቸው የሚሉትን ሰሙት መሰለኝ። ደገሙት፤ ድምፃቸው ተሰበረ። ሊያቆሙ ፈለጉ፤ አልቻሉም። ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ልጃቸው ፊት ለፊታቸው፣ ወፍሮ፣ አፉ ቅባት በቅባት ሆኖ፣ ሰባቱንም የሕይወት ምልክት እያሳየ ተቀምጦ ያለቅሱለታል። «በቃ እማዬ፣ ሰማሁ፤ በቃ» አለ። አልሰሙትም።

ወዲያው ከውጭ የሩጫ ድምፅ መጣ። ዕድሩ ነው። ዳኛው ጋቢያቸው መሬት እየጠረገ ቀድመው ገቡ፤ ጥሩንባ ነፊው ከኋላቸው ነው። «ደግሞ ማን ሞተ?» አሉ ትንፋሽ አጥሯቸው።

«እኔ ነኝ» አለ ልጁ የዶሮውን እግር እንደያዘ። «ግቡ።»

ሊሳቅ ነበር። ግን ከኋላ የገቡት ሴቶች እናትየውን አይተው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከመካከላቸው የሁለቱ ልጆች እንደ እሱ ጦር ሰፈር ናቸው፤ አንደኛዋ ጥያቄም ሳትጠይቅ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠችና ስለ ራሷ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። የሞተ ሰው በሌለበት ቤት፣ ድንኳን ሳይተከል፣ ጥሩንባ ሳይነፋ ተለቀሰ። አባትየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «መምህር፣ ይሄ ከሰባቱ ስንተኛው ነው?» አሉ። አንድም ነገር ለመሟገት የፈለጉ አይመስሉም ነበር።

«እኔ ያስተማርኩት ውስጥ የለም» አልኳቸው።

ልጁ እናቱን ትንሽ አያቸውና የዶሮውን እግር ሳህኑ ላይ አኖረ። ከዚያ ከአልጋው ተነሣ። ማድጋው ጋ ሄዶ ውሃ ቀዳና በተሸረፈው ብርጭቆ አመጣላቸው። እናትየው ተቀብለው ግማሹን ጠጡ፤ ቀሪውን አጠገባቸው ለምታለቅሰው ጎረቤታቸው ሰጧት።